አዛውንት ይዘው ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሐኪሙን ቃላት እንዴት መያዝ ይቻላል

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ስልክ አይሁን፤ ባትሪው የሚያልቀው ልክ ተራችሁ ሲደርስ ነው። የማታውቁትን ቃል በሰማችሁት ድምፅ ጻፉና እዚያው «በአማርኛ ምን ማለት ነው?» በሉ።

በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ክኒን ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ «ፖሊፋርማሲ» ይሉታል፤ የመድኃኒት መደራረብ ነው።

እኔን የጣለኝ የሁለት ቃላት መመሳሰል ነው፦ ዲሜንሺያና ዲሊሪየም። ዲሜንሺያ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ የመርሳት በሽታ ነው። ዲሊሪየም ግን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የሚመጣ መቃዠት ነው፤ ጠዋት ለቀቅ፣ ማታ ጠበቅ ያደርጋል። ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ መድኃኒት ያመጣዋል። ዲሜንሺያ ያለበትንም ሰው ይይዛል።

እናቴ በሁዳዴ አንድ ማታ በሟች ወንድሟ ስም ጠራችኝ። የጋቢዋን ጥለት ሽምብራ እንደምትለቅም ትለቅማለች። ሲነጋ ደኅና ሆና ቡናዋን ጠጣች። «እርጅና ነው» አልን፤ ግንባሯን ብዳብስ ትኩሳት የለም። ሦስት ቀን አሳለፍን። በአራተኛው ከአልጋ መነሳት አቃታት፤ ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። በአዛውንት ላይ ትኩሳት ላይኖር እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። እናንተ አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ውሰዷቸው።

ቤት ውስጥ ቀላል መፈተኛ አለ፦ የሳምንቱን ቀናት ወደኋላ ያስቆጥሯቸው፤ እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ። ባለፈው ሳምንት ይዘልቁ የነበሩ ሰው ዛሬ ሐሙስ ላይ ሐሳባቸው ከጠፋ፣ ለሐኪሙ «ይረሳሉ» ብቻ አትበሉ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ» በሉ። ሰዓቱ ነው ቁም ነገሩ።

ግፊት ሲለካ ተቀምጠውም ቆመውም ይለካላቸው። ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ «ኦርቶስታቲክ ሃይፖቴንሽን» ይባላል፤ ሲነሱ የሚወርድ ግፊት። እናቴ ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ ባዞራት ቁጥር የጎንደርን ዳገት ትረግም ነበር፤ ዳገቱ ያለ ጥፋቱ ተሰደበ።

«አስታማሚው ማነው?» ሲባል ደግሞ አብሮ የሚያድረው ሰው ይመልስ፤ ትናንት ከአዲስ አበባ የገባው ልጅ ደብተሩን ይያዝ።