የሮማውያን የተቀረጸ ዕንቁ በኋለኛ ዘመን ቀለበት ላይ ሲገኝ እንዴት ይመረመራል

በጀርመን አኽን ካቴድራል ግምጃ ቤት የሚገኘው የሎታር መስቀል የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1000 አካባቢ ነው። በመካከሉ የሚታየው ፊት ግን የሮማው ቄሳር አውግስጦስ ነው፤ ድንጋዩ ወርቁን በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይበልጠዋል። የአውግስጦስ ምስል ከፍ ብሎ የተቀረጸ ነው። ቀለበት ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ወደ ውስጥ የተቆፈረው፣ ለማኅተም የተሠራው ነው። እንዲህ ያለ ቀለበት እጅዎ ከገባ ሁለት ዕድሜ እንደያዙ ይቁጠሩት፤ አንዱ የድንጋዩ፣ ሌላው የወርቁ። ሁለቱን ለየብቻ ይመርምሩ እንጂ ድንጋዩን ለመፈልቀቅ ፈጽሞ አይሞክሩ።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ የእጅ ባትሪና ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበት ለስላሳ ጭቃ ይበቃል።

መጀመሪያ ድንጋዩን ይለዩ። ሮማውያን አብዝተው የቀረጹት ሰርድዮንን ነው፤ በአሮን የደረት ኪስ ላይ ከነበሩት ዕንቁዎች አንዱ ሆኖ በኦሪት የተጠቀሰውን። ባትሪ ሲያበሩበት እንደ ፍም ይቀላል። ውስጡ ክብ የአየር አረፋ ካዩ ብርጭቆ ነው። ይህ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ ለድንጋይ አቅም ላልነበረው ሰው ሮማውያን ራሳቸው ብርጭቆ በቅርጽ ማውጫ እያተሙ ይሠሩ ነበር።

ቀጥሎ ቅርጹን ይመልከቱ። ቀራጩ ቀጭን የብረት ዘንግ እያሽከረከረ፣ በዘይት በተለወሰ ጠጣር የድንጋይ ዱቄት ነበር ሰርድዮኑን የሚፍቀው። ስለዚህ በመነጽር የሚታየው በቢላ የተሳለ መስመር ሳይሆን ጎድጓዳና ቦይ ነው፤ ጭንቅላቱ አንድ ክብ ጎድጓዳ፣ ጭኑ አንድ ረዥም ቦይ፣ ጣቶቹ አጫጭር ጭረቶች።

ከሁሉ የምወደው ደረጃ የሚከተለው ነው። ድንጋዩ ስንጥቅ እንደሌለው ካረጋገጡ በኋላ ጭቃውን አድቦልቡለው በቀስታ ይጫኑትና ያንሱት። በድንጋዩ ላይ የተዝረከረከ ጉድጓድ የመሰለዎት ነገር ጭቃው ላይ ሰው ሆኖ ብቅ ይላል፦ የራስ ቁር፣ የጉልበት አጥንት፣ ነፋስ የገፋው ልብስ። ቀራጩ ያሰበው ይህን ነው፤ ግራና ቀኙ የሚስተካከለው በኅትመቱ ላይ ነውና። ወታደሩ ጦሩን በቀኝ እጁ የያዘው፣ ፊደሉም የሚነበበው ጭቃው ላይ ከሆነ ድንጋዩ ማኅተም ነበር። ፊደሉ በድንጋዩ ላይ በቀጥታ የሚነበብ ከሆነ ክታብ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ድንጋዩና ወርቁ የሚገናኙበትን ጠርዝ ዞረው ይመልከቱ። የምስሉ እግር ወይም የጦሩ ጫፍ ተቆርጦ ከቀረ፣ የኋለኛው አንጥረኛ ድንጋዩን በአዲሱ ቤቱ ልክ ሞርዶታል ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይልቅ ይህን ጠርዝ አምናለሁ።

ወርቁ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይናገራል። 750 የሚል ምልክት ባለ 18 ካራት መሆኑን ያሳያል፤ ትንሽ የንስር ራስ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1838 ወዲህ በፈረንሳይ የታተመ ነው። በድንጋዩ ዙሪያ የላቲን ጽሑፍ የተቀረጸበት ማኅተም የመካከለኛው ዘመን ባለቤቶች ልማድ ነበር።

የጥንት ቀራጭ ፊርማ ካዩ ጥርጣሬዎን ይጨምሩ። የፖላንዱ ልዑል ስታኒስላስ ፖኒያቶቭስኪ 2,500 ያህል የተቀረጹ ዕንቁዎች ነበሯቸው፤ የጥንት ቀራጮች ስም የተጻፈባቸው እነዚህ ዕንቁዎች በአብዛኛው በልዑሉ ዘመን የተሠሩ ሆነው ተገኙ። የሮማ መልክ ያለው ሁሉ የሮማ እጅ ሥራም አይደለም። በትግራይ ከየሐ አጠገብ፣ በቤተ ሰማዕቲ የተገኘው የአክሱም ዘመን ቀለበት የበሬ ራስና የወይን ሐረግ የተቀረጸበት ሰርድዮን አለው፤ የሮማ ቀለበት ይመስላል፣ የበሬው አሣሣል ግን ይለያል።

ሲያጸዱት ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠቀሙ፤ እንፋሎት አይንካው። በእንግሊዝ ካርላይል ከሮማውያን መታጠቢያ ቤት የውኃ ቦይ ከ30 በላይ የተቀረጹ ዕንቁዎች የወጡት፣ እንፋሎቱ ማጣበቂያቸውን እያላቀቀ ከታጣቢዎቹ ቀለበት ላይ በየጊዜው ስለወደቁ ሳይሆን አይቀርም። ቀለበቱ ቢሰበርም ድንጋዩ እንዳለ በእሳት አያስበይዱት።

በመጨረሻ ጭቃውን ከጎን አብርተው ፎቶ ያንሱትና ከግዢው ደረሰኝ ወይም ከውርስ ወረቀቱ ጋር ያስቀምጡ። ወደ ባለሙያ ሲሄዱ ከቀለበቱ ጋር እነዚህን ይዘው ይሂዱ።