ኢንጂን ከማስከፈታችሁ በፊት፦ የደሴና የኮምቦልቻ ሞተረኛ ችግርና መፍትሄ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የከፍታው ልዩነት ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። ባለ መኪናው ልብ ሳይለው ያልፈዋል። አሮጌ ሞተር የያዘ ሰው ግን በሁለቱ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ዋጋውን ይከፍላል።

እዚህ የምናያቸው ሞተሮች ብዙ ዓይነት ናቸው። ከመስሪያ ቤት በጨረታ የወጣች ያማሃ ዲቲ አለች። አንዱ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ቬስፓ አለች። ትልልቆቹ ቢኤምደብሊውና አፍሪካ ትዊንም ሻንጣቸውን ጭነው ወደ ላሊበላ ሲያልፉ ይታያሉ። በሽታቸው ግን ይመሳሰላል። ጋራዥ ስትደርሱ የሚቀበላችሁ የመጀመሪያ ቃል «ይከፈት» ከሆነ ቁልፋችሁን ኪሳችሁ ውስጥ መልሱ። እዚህ አካባቢ ኢንጂን ሳይነካ የሚድነው ብልሽት ይበዛል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው አየሩ፣ ቁልቁለቱና ቤንዚኑ ላይ ነው።

ዳገት ላይ ትታፈናለች፣ ካንዴላው ይጠቁራል

ምልክቱ ግልጽ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደህና ነበረች። ሐረጎን ስትጀምሩ ትጎተታለች። ነዳጅ በግማሽ ስትሰጧት ትሻላለች፣ ሙሉ ስትሰጧት ጭራሽ ትደነዝዛለች። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ስትፈቱት ደረቅ ጥቀርሻ ለብሷል።

ምክንያቱ ቤንዚን መብዛቱ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው አሮጌ ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ቆላ ላይ የሚሰጠውን ቤንዚን ደጋም ላይ ሊሰጥ ይሞክራል። የሚያቃጥለው አየር ግን የለም።

መፍትሄው ውስጥ ሳንገባ አንድ ነገር እንተማመን። ጉልበት ማጣት ሁሉ ብልሽት አይደለም። ቱርቦ የሌለው ኢንጂን በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ፋብሪካው 12 የፈረስ ጉልበት ያላት ሞተር ደሴ ፒያሳ ላይ 9 ገደማ ነው የሚኖራት። ይህን የትኛውም መካኒክ አይመልስላችሁም፤ እመልሳለሁ ካላችሁ ሂሳቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማስተካከል የሚቻለው ጥቁር ጭሱን፣ መታፈኑንና የቤንዚን ብክነቱን ነው።

ከርካሹ ጀምሩ። የአየር ፊልትሮውን አውጡ። የስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ወይም በላምባ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ትንሽ የኢንጂን ዘይት አጠጥታችሁ ጭመቁት። በአቧራ የተደፈነ ፊልትሮ ደሴ ላይ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ ድሮም ባነሰው አየር ላይ ሌላ ቅነሳ ነው። ቀጥሎ ቾኩ (በብርድ ለማስነሳት አየሩን የሚዘጋው) እስከ መጨረሻው መመለሱን እዩ። ካቦው ዝጎ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ቾክ ስንቱን ኢንጂን በከንቱ አስከፍቷል!

ይህ ካልበቃ ወደ ካርቡሬተሩ እንግባ። መካከለኛ ነዳጅ ላይ ከታፈነች የካርቡሬተሩን መርፌ አውጡና መያዣ ቀለበቷን አንድ ጥርስ ወደ ላይ አድርጉ። ቀለበቷ ወደ ላይ ስትወጣ መርፌው ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ሙሉ ነዳጅ ላይ ከታፈነች ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) አንድ ደረጃ፣ ቢበዛ ሁለት ደረጃ፣ ባነሰ ቁጥር ቀይሩ። ጄቱን ለማጥበብ የሽቦ ክር የሚሰኩበት አሉ። አትፍቀዱላቸው። ክሩ ሲነቃነቅ የቤንዚኑ መጠን በየቀኑ ይለዋወጣል፤ ከዚያ በሽታውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጧት ስትሠራ) ብቻ ከሆነ የምትንገዳገደው የካርቡሬተሩን ትንሽ የቅልቅል ብሎን አስተካክሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብሎኗ በፊልትሮው በኩል ካለች የአየር ናት፤ ስትፈታ ቤንዚን ይቀንሳል። በኢንጂኑ በኩል ካለች የቤንዚን ናት፤ ስትፈታ ቤንዚን ይጨምራል። የቷ እንደሆነች ሳታዩ አትንኩ።

በኤሌክትሮኒክስ ቤንዚን የሚረጩት አዲሶቹ ሞተሮች የአየሩን ግፊት በሴንሰር ለክተው ራሳቸው ያስተካክላሉ። እነሱ ላይ ጥቁር ጭስ ካያችሁ ከፍታውን አታማርሩ። ፊልትሮና ሴንሰር አስፈትሹ።

ወደ ባቲ ስትወርዱ ትግላለች፣ ታንኳኳለች

ይህኛው የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። እንዲያውም የባሰው እሱ ነው። ደሴ ላይ በሚገባ የተስተካከለች ሞተር ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጋ ወደ ሚሌ ስትወርድ 500 ሜትር ገደማ ድረስ ትዘቅጣለች። አየሩ ወፍራም ይሆናል። ለስስ አየር የተቀነሰው ቤንዚን አሁን ያንሳል። ቤንዚን ሲያንስ ሙቀት ይጨምራል፤ የአፋር ፀሐይ ሲታከልበት ደግሞ ፒስተን ሲሊንደሩን ነክሶ ይያዛል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ነዳጅ ስትሰጡ ከላይ በኩል ቀጭን የብረት ኳኳታ ይሰማል። ነዳጅ ስትለቁ ማርሚታው ይተኩሳል። ካንዴላው አመድ ይመስላል። ጤነኛ ካንዴላ ቀለል ያለ ቡናማ ነው።

መፍትሄው የደሴውን ጄት ፈትቶ የፋብሪካውን መመለስ ነው። ስለዚህ የድሮውን ጄት አትጣሉት። በወረቀት ጠቅልላችሁ ከመፍቻው ጋር አስቀምጡት። የሰኞ የባቲ ገበያን አይታችሁ በዚያው ቀን ለምትመለሱ ግን ጄት መቀየር አያስፈልግም። መርፌውን አንድ ጥርስ መልሱ፣ ሙሉ ነዳጅ አታብዙ፣ በቂ ነው።

ካንዴላም የሙቀት ደረጃ አለው። በኤንጂኬ ብራንድ ቁጥር ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ተቃራኒው ነው። 8 ቁጥርን በ8 ቁጥር እቀይራለሁ ብሎ ብራንዱን ያላየ ሰው ሳያውቀው ሞቃቱን ይገጥማል።

ሐረጎን ስትወርዱ ፍሬን ይጠፋል፣ ወይም ኢንጂኑ ቀጥ ይላል

ከፍሬኑ ከጀመርን፣ ምልክቱ ሽታ ነው። የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። እጀታው ወደ ውስጥ እየጠለቀ ይመጣል፣ ስትጨብጡት እንደ ቀድሞው አይይዝም። ምክንያቱ ያለማቋረጥ መያዝ ነው። የድሮ ሞተር ፍሬን ከበሮ ነው፤ ሙቀቱ የሚወጣበት የለውም። በዘይት የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ያረጀው ዘይት እርጥበት ስቦ ቶሎ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

መፍትሄው በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ፍሬን ያዝ ለቀቅ ይሁን። ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው በፎሌ የሚወርዱ ጎረምሶች አሉ። እባካችሁ! የምትቆጥቧት ቤንዚን የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ አትሞላም፤ በዚያ ላይ መታጠፊያው ላይ የጫነ ሲኖትራክ ይጠብቃችኋል።

አሁን ቱ ስትሮክ ለያዛችሁ፣ ማለትም የድሮ ዲቲና ቬስፓ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ ያልኩት ለእናንተም ይሠራል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ ነው ኢንጂኑን የሚያለሰልሰው። እጀታውን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ በማርሽ ስትወርዱ ኢንጂኑ በፍጥነት ይዞራል፣ ቤንዚን ግን አይገባም። ቤንዚን ካልገባ ዘይትም የለም። ቁልቁለቱ ሲረዝም ፒስተኑ ደርቆ ይነክሳል፤ የኋላ ጎማው ድንገት ይታሰራል። ዘይቱ በፓምፕ ለብቻው በሚገባባቸውም ፓምፑ ከነዳጅ እጀታው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሲዘጋ ዘይቱ ያንሳል።

ስለዚህ በየመታጠፊያው ፍሪሲዮን (ክላች) ይዛችሁ ነዳጅ ስጡና ልቀቁ። ጣታችሁ ከፍሪሲዮኑ አይራቅ። ከታሰረች ወዲያው ጨብጡት፣ ጎማው ይፈታል። ቆማችሁ ትቀዝቅዝ፤ ወዲያው አትርገጧት።

ጥቂት ሄዳ ቀጥ ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ትነሳለች

ገንዘብ የሚያስበላው በሽታ ይህ ነው። ስትቆም ነው መለየት ያለባችሁ፣ ጋራዥ ስትደርስማ ደህና ሆናለች። ሁለት ነገር አድርጉ፤ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

መጀመሪያ የሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) ክዳን ክፈቱ። አየር ሲምግ «ፍስስ» ካለና ከዚያ ከተነሳች ጥፋተኛው የክዳኑ መተንፈሻ ነው። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ። ክረምት ላይ ዝናብ እንዳይገባ ብላችሁ ክዳኑን በፌስታል ያሰራችሁም እዚያው ናችሁ። ሰልባትዮ ላይ የሚቀመጥ ሻንጣም እንዲሁ መተንፈሻውን ይደፍናል።

ክዳኑ ካልሆነ ካንዴላውን ፈትታችሁ ገመዱ ላይ ሰክታችሁ ብረት አስነኩት፣ ርገጡ። እሳት ከሌለ ወይም ደካማ ቢጫ ከሆነ ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያዘጋጁት ቦቢና እና ኮንደንሰር ሲግሉ ይሞታሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይነሳሉ። ፑንቲና (እሳቱን የሚቆራርጥ መገናኛ) ያላት ሞተር ከሆነች ፑንቲናውን በጥሩ ወረቀት አጽዱና ክፍተቱን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ፑንቲናው በተደጋጋሚ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩን ቀይሩ። ይህን ስታደርጉ የቤንዚኑ ቧንቧ ይዘጋ፣ ካንዴላውም ከቀዳዳው ይራቅ።

እሳቱ ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ቤንዚኑን ጠርጥሩ። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድና በጄሪካን መግዛት የማያውቅ ሞተረኛ የለም። ውሃ ከታች ይተኛል። ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጉና ፈሳሹን ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ቅዱት። ከታች ኳስ ኳስ የሚሠራ ነገር ካያችሁ ውሃ ነው። በደንብ እስኪጠራ አፍስሱት። በጠርሙስ የገዛችሁትን ሁልጊዜ ከመቅዳታችሁ በፊት አስቀምጡት፣ የታችኛውን ሁለት ጣት አትገልብጡት።

ኢንጂኑ ይጮኻል እንጂ አትሄድም

ሻንጣና ሰው ጭናችሁ ዳገት ላይ ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። መጀመሪያ ካቦው። እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ልል መሆን አለበት። ጠብቆ ከሆነ ሸራው ሙሉ አይጨብጥም። ቀጥሎ ዘይቱ። የብዙ ሞተር ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። የመኪና ዘይት፣ በተለይ ነዳጅ ቆጣቢ የተባለው፣ ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ፈልጉ። ሸራ የምትገዙት እነዚህ ሁለቱ ካልሠሩ ብቻ ነው።

ጠዋት አልነሳም ትላለች

ኅዳር ላይ ደሴ ያደረ ያውቀዋል። አብሽሩ። ቾክ ሙሉ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ፣ ደጋግማችሁ ርገጡ። ነዳጅ እየሰጣችሁ ከረገጣችሁ ካንዴላው ይርሳል። ከራሰ አውጥታችሁ ጥረጉት። በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻ) ብቻ የምትነሳ ከሆነች ባትሪውን አስለኩ፤ ብርድ የደከመ ባትሪን ያጋልጣል። ባለ 6 ቮልት አሮጌ ሞተር ካላችሁ መብራቷ ሚኒሞ ላይ ቢፈዝ ጤነኛ ናት፤ ሲመሽ ጉዞ አትጀምሩ።

ፒስታ ላይ መሪው ይወራጫል

ወደ ጉጉፍቱ ወይም ከኩታበር ወዲያ ስትወጡ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሻንጣ ነው፤ ክብደት ከኋላ ጎማ ኋላ ሲጫን መሪው ይቀላል። ከባዱን ወደ ፊትና ወደ ታች አውርዱ። ቀጥሎ የጎማውን ራጂዎች (የቸርኬውን ሽቦዎች) በመፍቻ መታ መታ አድርጉ፤ ደብዘዝ ያለ ድምፅ የሚሰጠው ላልቷል። ከዚያ ሞተሯን በማቆሚያ ደግፋችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መሀል ላይ እንደ ጥርስ የሚይዝ ከሆነ የመሪ ኩሽኔታ ይቀየር። የጎማ ንፋስ ከከፍታ ጋር ይቀየራል የሚሉት እውነት ነው፣ ግን ከኮምቦልቻ ደሴ ልዩነቱ አንድ ፒኤስአይ አይሞላም። ጎሚስታ ቤት ለዚህ አትቁሙ።

ከታች በኩል ከባድ ምት ይሰማል

ከላይ የሚመጣው ቀጭን ኳኳታ ቫልቭ ወይም ቤንዚን ሊሆን ይችላል። ከሥር የሚመጣ፣ ጭነት ሲበዛ የሚጠነክር ወፍራም ምት ግን ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ የኮሎ፣ ኩሽኔታ ነው። እዚህ ላይ «ይከፈት» የሚለው መካኒክ ልክ ነው። ቤት እስክደርስ አትበሉ። አጥፏት፣ የመጀመሪያውን ባዶ ኢሱዙ አስቁሙ፣ በገመድ ፊትና ኋላ አስራችሁ ጫኗት።