ኢፖክሲን በማይክሮዌቭ ማድረቅ

አዳማ ባለችኝ ትንሽ ወርክሾፕ የማሽን እጀታና የተሰባበረ የባጃጅ ዕቃ በኢፖክሲ አፍስሼ እሠራለሁ። ኢፖክሲ ሬዚንና ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ፕላስቲክ ነው። ኢፖክሲ በቤት ሙቀት ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ ቀናት ይፈልጋል። ደንበኛ ደግሞ "ነገ ጠዋት" ነው የሚለው። ማይክሮዌቭ ወርክሾፕ የገባው ለዚህ ነው።

ፕላስቲክ ሙቀትን ወደ ውስጥ ለማሳለፍ ዳተኛ ነው። ተራ ምድጃ ውስጥ ከገባ እንደ ወፍራም ዳቦ ላዩ በስሎ መሀሉ ሊጥ ይሆናል። ማይክሮዌቭ ግን ዕቃውን ከውስጥም ያሞቀዋል። ሞገዱ በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። አንድ ጫፋቸው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ የሆኑ ሞለኪውሎች እሱን ለመከተል ሲገላበጡ ይሞቃሉ። ኢፖክሲ እንዲህ ያሉ ሞለኪውሎች አሉት። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ግን የለውም፤ ሞገዱ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከሥሩ የፖሊፕሮፒሊን ምልክት የሆነው 5 ቁጥር ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ ግሩም ቅርጽ ማውጫ ነው። ኢፖክሲም አይጣበቅበትም። 3 ቁጥር ካያችሁ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ በፍጹም አታስገቡ። ሲቃጠል የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ያወጣል።

መጀመሪያ የማይክሮዌቭ ምድጃችሁን ፈትሹ። 800 ዋት ተብሎ ስለተጻፈ አትመኑት፤ በተለይ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሰክቶ መብራት ሲዳከም። የ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀት ለኩ። በሙሉ ኃይል ለ1 ደቂቃ አሙቁት፣ አማስሉና እንደገና ለኩ። ልዩነቱን በ70 አባዙ። ውሃው 10 ዲግሪ ከጨመረ ምድጃው እየሰጣችሁ ያለው ወደ 700 ዋት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የፈሰሰው ኢፖክሲ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ውጭ ይቆይ። በሚያዝያ ሙቀት ይሄ ቶሎ ይደርሳል። እንዲያውም መቀላቀያው ውስጥ ሳለ መድረቅ ሊጀምርባችሁ ይችላል፣ ትንሽ ትንሽ ነው መቀላቀል። ፈሳሹን ግን አታስገቡ። ኢፖክሲ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ሞገዱን የበለጠ ይውጣል። ሁለቱ ከተደረቡ መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ጭስ ነው።

ከዕቃው ጎን አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡ። ኃይሉን "ዝቅተኛ" ላይ ብታደርጉትም ብዙዎቹ ምድጃዎች የሚሠሩት በሙሉ ኃይል እየበሩና እየጠፉ ነው፤ ድምፃቸውን ስሙ። ውሃው ትርፉን ይወስድላችኋል። ሲሞቅ በቀዝቃዛ ቀይሩት። እኔ 20 ሴኮንድ አብርቼ ሁለት ደቂቃ አሳርፈዋለሁ፤ እረፍቱ ሙቀቱ እንዲዳረስ ነው። በየእረፍቱ ሳይነካ ሙቀት በሚለካ የኢንፍራሬድ መለኪያ አየዋለሁ። መለኪያው የሚያየው ላዩን ብቻ ነው፣ መሀሉ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ላዩ 60 ዲግሪ ሲደርስ አቆማለሁ። ቀዝቀዝ ሲል እደግማለሁ።

የሚሽከረከረውን ሳህን አታውጡ። ሞገዱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፣ ግድግዳው ላይ እየነጠረ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ አካባቢ ትኩስ ቦታ ይፈጥራል። ዕቃው ካልዞረ አንድ ጎኑ ያርራል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል።

ጥቁር ለማድረግ የከሰል ዱቄት የሚጨምሩ አሉ። ካርቦን ሞገድ አጥብቆ ይውጣል። የመኪና በር ጎማ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ጥቁሩን ጎማ በማይክሮዌቭ የሚያበስሉት ይሄን ጠባዩን ተጠቅመው ነው። እናንተ ግን በደንብ ፍጩት፣ በደንብ አዋህዱት። እብጠት ከቀረ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ይቃጠላል። ምንነቱን የማታውቁት ፕላስቲክ ካለ ቁራጩን ከውሃ ብርጭቆ ጋር ለ30 ሴኮንድ ሞክሩ። ቀዝቃዛ ከሆነ በዚህ መንገድ አይሠራም፣ አትድከሙ። ብሎን የተቀበረበትን ዕቃ ደግሞ ተዉት፣ ብልጭታ ያመጣል።

በዚህ ምድጃ ከእንግዲህ ምግብ አይሞቅም። የቤት ሰው ቢለምን እንኳ! በሩ ከተጣመመ ጣሉት እንጂ አትጠቀሙበት። ክዳኑንም አትፍቱ፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ይይዛል። መስኮት ክፈቱ፣ የሃርድነሩ ሽታ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ሲያልቅ በሙቁ ከቅርጽ ማውጫው አታውጡት፣ ይጣመማል። ሙሉ በሙሉ ሲበርድ በጥፍር ተጫኑት። ምልክት ከቀረበት አንድ ዙር ይቀረዋል። ካልቀረበት ማስክ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው።