ሱባ ጫካ ለማደር ካሰባችሁ

አየር ጤና ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብታዩ ወጨጫ ተራራ ፊታችሁ ተገትሯል። መናገሻ ሱባ ጫካ ያለው እዚያው ተራራው ላይ ነው። እኛ ግን ተራራ ሲባል ትዝ የሚለን ስሜን ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ፈቃድም ብርም አይበቃንም። ለሱባ ቅዳሜና እሁድ ይበቃል።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። በክረምት አትሂዱ። እኔ አንዴ ሐምሌ ላይ በቪትዝ ሄጄ፣ ከሰበታ በኋላ አስፋልቱን ለቅቀን ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አለች፣ የሰፈሩ ልጆች ገፍተው እስኪያወጡን ድረስም ሽርሽራችን እዚያው መንገድ ላይ አለቀ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ያኔም ቢሆን ከፍ ያለ መኪና ይመረጣል። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

ብርዱን አትናቁት። የወጨጫ ጫፍ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል፣ ከአዲስ አበባ 1,000 ሜትር ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ጃኬት ይዣለሁ ብላችሁ ጋቢውን ቤት ጥላችሁ እንዳትሄዱ። ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፍ ነገርም ያዙ፤ ቅዝቃዜው የሚገባው ከመሬት ነው።

ቁምጣ ይቅርባችሁ። ሳማ አለ። ቅጠሉ ባት ሲነካ ወዲያው ያቃጥላል፣ ከዚያም ስታኩ ትውላላችሁ።

ምግብ ላይ ብዙ አትጨነቁ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ በቂ ውሃ። እሳት ለማንደድ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጠባቂዎቹን ጠይቁ። ጫካው የቆየ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ወፍ ዋሻ ጫካ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። ግንዱን ሁለት ሰው ሆናችሁ ለማቀፍ ስትሞክሩ ወሬው እውነት ሳይሆን አይቀርም ትላላችሁ።

ጫፍ መውጣት የሚፈልግ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሳ። የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ጋ ነው። ቁርስ፣ ፎቶ፣ ቡና እየተባለ 4 ሰዓት ይሆናል፣ ከዚያ ፀሐዩ አናት ላይ ይወጣል፣ ጥዱና ዝግባው አልቆ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ሲጀምር ደግሞ ጥላ የለም። መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ ዋጋውንም ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ።

የምኒልክ ድኩላ ለማየት ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል፣ ስፒከር ይዞ የመጣ ቡድን አጠገብ ከሰፈራችሁ እርሱት። ጉሬዛ ይሻላል። እኔ ያየኋቸው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጋቢ ተከናንቤ ቡናዬን ስጠጣ፣ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከድንኳኑ በላይ ቅጠል ሲበሉ ነው።