ከገደል አፋፍ በታች የወረደ ድሮን ወደ መነሻው ሲመለስ፦ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ወሎ ውስጥ ድሮን የሚያበር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው አፋፍ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት፣ የአምባሰል ተራሮች፣ የግሸን አምባ ዙሪያና ከመቅደላ ወዲያ የሚታየው የበሽሎ ሸለቆ ሁሉም ካሜራውን ወደ ታች የሚስቡ ናቸው። ድሮኑ ሲታዘዝ ወይም ግንኙነት ሲጠፋ በራሱ ወደ ተነሣበት ቦታ የሚመለስበት የአውቶማቲክ መመለሻው አሠራር ግን ከሜዳ ተነሥቶ ሽቅብ ለሚወጣ በረራ የተመቸ በመሆኑ፣ ከመነሻው በታች ለሚወርድ አብራሪ ያልጠበቀውን ነገር ያሳየዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከፍታ ከባሕር ጠለል ወይም ከድሮኑ ሥር ካለው መሬት የሚለካ ሳይሆን፣ ድሮኑ ከተነሣበት ነጥብ ጀምሮ በአየር ግፊት መለኪያ የሚሰላ መሆኑ ነው። ከአፋፉ በታች ሲወርድ ቁጥሩ ከዜሮ ያንሳል፤ የመመለሻው ከፍታም የሚቆጠረው ከዚያው ዜሮ ነው።

ምልክት፦ ተመለስ ሲባል ወደ አብራሪው ከመምጣት ይልቅ ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ይህ ብልሽት አይደለም። የመመለሻው ከፍታ 60 ሜትር ላይ ተስተካክሎ ድሮኑ 400 ሜትር ርቆ −180 ሜትር ላይ ቢገኝ፣ መጀመሪያ 240 ሜትር ይወጣል፤ አግድም መብረር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በሰከንድ 4 ሜትር ቢወጣ እንኳ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚህ ደቂቃ ውስጥ ተደናግጦ ትእዛዙን የሚሰርዝና ድሮኑን በእጁ ወደ ራሱ የሚጎትት አብራሪ ከገደሉ ግድግዳ ጋር ያጋጨዋል። መፍትሔው መታገሥ ነው። የሸለቆው ጥልቀት በመመለሻው ከፍታ ላይ መደመር የለበትም፤ በመንገዱ ላይ ካለው ረጅሙ ባሕር ዛፍ ወይም የስልክ ማማ 20 ወይም 30 ሜትር ማስበለጥ ይበቃል። ሸለቆውን ተሻግሮ ከመነሻው ከፍ ያለ ተራራ ጀርባ የሚሄድ ግን የዚያን ተራራ ከፍታ ማሰብ ይኖርበታል።

ምልክት፦ ሳይወጣ በቀጥታ ወደ ገደሉ ይመጣል፤ ወይም ሸለቆው ውስጥ ለማረፍ መውረድ ይጀምራል።

በጣም አደገኛው ይህ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች የመመለስ ትእዛዝ ሲደርሳቸው መጀመሪያ የሚያዩት በካርታ ላይ ያለውን አግድም ርቀት እንጂ ቁልቁል ያለውን አይደለም። ዲጄአይ (DJI) የተባለው የቻይና ኩባንያ በሚሠራቸው ብዙ ድሮኖች ርቀቱ ከ5 ሜትር ካነሰ ድሮኑ ቤቱ እንደደረሰ ቆጥሮ ባለበት ያርፋል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ እንደ ሞዴሉ እስከ 20 ወይም እስከ 50 ሜትር ከሆነ ደግሞ ከፍታውን ሳይጨምር ባለበት ደረጃ ይመጣል። ስለዚህ ከአብራሪው እግር ሥር 100 ሜትር ወርዶ ገደሉን እየታከከ የሚቀርጽ ድሮን፣ በራሱ ስሌት ቤቱ ደርሷል። የፊት ሴንሰር ያለው ግድግዳው ፊት ይቆም ይሆናል፤ የሌለው ይጋጫል።

ስለዚህ ገደል ሥር ያለን ድሮን በመመለሻው ቁልፍ መጥራት አይገባም። መጀመሪያ በእጅ ከግድግዳው ማራቅ፣ ቀጥሎም ከአፋፉ በላይ ማውጣት ያስፈልጋል። የተሻለው መፍትሔ ግን ከመነሣት በፊት የሚደረግ ነው፦ ድሮኑን ከአፋፉ 60 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ራቅ አድርጎ ማስነሣትና ሪሞቱን ይዞ ወደ አፋፉ መቅረብ። እንዲህ ሲሆን ከፊት ለፊት ሸለቆው ላይ ያለ ድሮን ሁልጊዜ ከ50 ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ተመለስ ሲባል መጀመሪያ ይወጣል። አፑ መነሻውን ወደ ሪሞቱ ቦታ እንዲቀይር ከታዘዘ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የሞዴሉን ትክክለኛ የርቀት ገደብ መመሪያው ላይ ማየት ግድ ነው።

ምልክት፦ ከአፋፉ እንደወረደ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ግንኙነቱም ይጠፋል።

የሬዲዮ ሞገዱን ዐለት ይጋርደዋል። አብራሪው ድሮኑን በዓይኑ ወደሚያይበት ቦታ መቅረብ አለበት፤ የራሱን እግር ግን ስክሪን እያየ አያንቀሳቅስ። ግንኙነት ሲጠፋ ድሮኑ የሚወስደው እርምጃ «መመለስ» ላይ መሆኑም አስቀድሞ ይረጋገጥ፤ «ማረፍ» ከተመረጠ ሸለቆው ውስጥ ይቀራል። ጣሪያ የመሰለ ዐለት ሥር መግባት ብቻ ልዩ ነው፦ አብዛኞቹ ትንንሽ ድሮኖች ወደ ላይ የሚያይ ሴንሰር ስለሌላቸው፣ ሲወጡ ከዐለቱ ጋር ይጋጫሉ፤ እዚያ «ባለበት መቆም» ይሻላል።

ምልክት፦ ሲወርድ የበቃው ባትሪ ሲመለስ አይበቃም።

መውረድ ጥቂት፣ መውጣት ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ይበልጥ መሽከርከር አለበት፤ ለምሳሌ ዲጄአይ ሚኒ 3 በመደበኛ ባትሪው የሚነሣበት የከፍታ ገደብ 4,000 ሜትር ሲሆን፣ ላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ባትሪው ለማረፍ ብቻ የሚበቃ ሲሆን ድሮኑ ያለበት ቦታ ላይ መውረድ ይጀምራል፤ ያኔ መመለሻው ምንም አይረዳም። ከአፋፍ በታች የሚበር ሰው ማስጠንቀቂያውን ሳይጠብቅ ባትሪው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቢመልስ ይሻለዋል።

(ይህ ሁሉ የሚሠራው ፈቃድ ላለው በረራ ነው። ኮምቦልቻና ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳላቸው፣ የድሮን ድምፅም ዛሬ ለአካባቢው ሰው የሠርግ ቪዲዮ ማለት ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ለቀበሌውና ለነዋሪው ሳይነግሩ ማስነሣት ነውርም አደጋም ነው።)

ምልክት፦ ይመለሳል፣ ግን ከመነሻው ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ብሎ ያርፋል፤ ወይም ጭራሽ መመለስ እምቢ ይላል።

የጂፒኤስ ስሕተት በሜዳ ላይ ችግር ባይሆንም፣ አፋፍ ላይ ጥቂት ሜትር ማለት ገደል ነው። መነሻው መመዝገቡን አፑ እስኪያሳውቅ መጠበቅ፣ ከዚያም ወዲያው ወደ ሸለቆው ከመወርወር ይልቅ 10 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ ይገባል፤ የታች ካሜራ ያለው ድሮን የማረፊያውን ምስል የሚይዘው በዚህ ጊዜ ነው። መመለስ እምቢ ያለው ድሮን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገደሉ ግማሹን ሰማይ ስለጋረደበት በቂ ሳተላይት አላገኘም፤ ነፋስም ሊወስደው ስለሚችል ከግድግዳው አርቆ በእጅ ቀስ እያሉ ማውጣት ነው፤ ሰማዩ ሲከፈትለት ሳተላይቶቹን መልሶ ያገኛል።