ስፒትፋየርን ያለ ሬዲዮ ማድረስ፦ በኤቲኤ ሴቶች አሠራር

የኤቲኤን (ኤር ትራንስፖርት ኦግዚሊያሪ) በረራ በሲሙሌተር ለመድገም ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ሬዲዮውንና ጂፒኤሱን ዝጉ። እነዚያ አብራሪዎች መንገድ የሚያገኙት በካርታ፣ በኮምፓስና በሰዓት ነበር። ኤቲኤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ከብሪታንያ ፋብሪካዎች እየተረከበ ለጦሩ የሚያደርስ የሲቪል ድርጅት ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ስምንት ሴቶች በፖሊን ጋወር መሪነት ሃትፊልድ ላይ ሥራ ጀመሩ፤ ኋላ ከ160 በላይ ሆኑ። መጀመሪያ የተሰጣቸው ኮክፒቱ ክፍት የሆነው ማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ ታይገር ሞዝ ነው፣ ያውም በዚያ ብርድ። ተዋጊ አውሮፕላን እንዲያበሩ የተፈቀደላቸው በ1941 አጋማሽ ነው።

ለልምምድ ማርክ 5 የተባለውን የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ዓይነት ሳውዝሃምፕተን አጠገብ ካለው የኢስትሌይ አየር ማረፊያ ወደ ላይናም አየር ማረፊያ ውሰዱ። ወደ ሰሜን ምዕራብ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 200 ማይል ከበረራችሁ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

የአየሩን ሁኔታ ሳታዩ ሞተር አታስነሱ። የኤቲኤ ዝቅተኛ ልክ የደመናው ግርጌ 800 ጫማ፣ እይታ 2000 ያርድ ነበር። በዚህ መስመር ላይ ግን ልኩ ብቻውን አያድናችሁም። ከላይናም በፊት የሚገኘው ሚልክ ሂል የተባለ ኮረብታ 295 ሜትር፣ ማለትም 970 ጫማ ገደማ ስለሆነ ኢስትሌይ ላይ ልኩን ያሟላ ደመና የኮረብታውን አናት ሊሸፍነው ይችላል። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ግድም ላይ የኬኔትና ኤቨን ቦይ ሲታያችሁ ኮረብታው ከተሸፈነ፣ ቦዩን ተከትላችሁ ወደ ምዕራብ እስከ ዲቫይዝስ ከተማ ሂዱ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰሜን። ከስዊንደን ወደ ብሪስቶል የሚሄደውን ትልቅ የባቡር ሐዲድ ከተሻገራችሁ ላይናምን አልፋችኋል። ደመናውን ከላይ ልለፈው ማለት ወጥመድ ነው፤ መውረጃ ቀዳዳ ላይገኝ ይችላል። ዝነኛዋ የኤቲኤ አብራሪ ኤሚ ጆንሰን ጃንዋሪ 5 ቀን 1941 ኦክስፎርድ አጠገብ ልታደርሰው የነበረውን አውሮፕላን ይዛ ከመንገዷ እጅግ ርቃ ቴምዝ ወንዝ አፍ ላይ ነው የሞተችው።

ኤቲኤ አውሮፕላኖችን በስድስት ክፍል መድቦ ነበር። አንድ ክፍል የተፈቀደላት አብራሪ በዚያ ክፍል ያለውን ሁሉ፣ ዓይታው የማታውቀውን ጭምር ታበራለች። የሚወራው ጀግንነታቸው ነው፤ ሥራውን ያስቻለው ግን ለእያንዳንዱ ዓይነት ፍጥነቱንና ልኩን የያዘ፣ በቀለበት የታሰረ ትንሽ የካርድ ደብተር ነበር። እናንተም አንድ ካርድ ጻፉ። ከመነሳት በፊት የሚደረገው ፍተሻ ሁልጊዜ በዚሁ ተራ ይሂድ፦ ሃይድሮሊክ፣ ትሪም (ሚዛን ማስተካከያው)፣ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ)፣ ፒች (የፕሮፔለሩ ምላጭ ማዕዘን)፣ ነዳጅና ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚከፈተው ክፋይ)፣ መጨረሻ ራዲያተር (የሞተሩ ማቀዝቀዣ)።

ማርክ 5 ላይ የጭራ መሪውን ትሪም ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ሞተሩ አፍንጫውን ወደ ግራ ይጎትታል። ፍላፑ ወይ ዝግ ወይ ሙሉ ክፍት ነው፣ መካከለኛ የለውም፤ ለመነሳት ዝግ ይሁን። መሬት ላይ ረጅሙ አፍንጫ የፊቱን ስለሚከልል ግራና ቀኝ እየተጠማዘዛችሁ ሂዱ። ፍሬን በኃይል ከያዛችሁ በአፍንጫው ይተከልና ፕሮፔለሩ ይሰበራል። ብዙ አትቁሙ፦ የተዘረጋው የቀኝ ጎማ እግር ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን አየር ስለሚጋርድ ሞተሩ ቶሎ ይግላል።

ጀማሪ የሚሳሳተው ከመሬት እንደተላቀቀ ነው። የጎማ ማጠፊያው በቀኝ በኩል ስለሆነ ግራ እጅ የጋዝ እጀታውን ለቆ መሪውን ይይዛል። የእጀታው ማጥበቂያ ከላላ ጋዙ ራሱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ኃይል ይጠፋል፣ በመጥፎው ሰዓት። ስለዚህ ቀድማችሁ አጥብቁት። በመጀመሪያዎቹ ማርክ 1 ላይ ደግሞ ጎማው በእጅ ፓምፕ ስለሚታጠፍ፣ ቀኝ እጅ ሲገፋ ግራው አብሮ ይነቀነቅና አውሮፕላኑ እንደ ፈረስ ይዘላል።

ለማረፍ ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ160 ማይል በታች ሲወርድ ጎማ አውጡ፣ ቀጥሎ ፍላፕ ክፈቱ። መንደርደሪያው ከዓይናችሁ እንዳይጠፋ በቀጥታ ሳይሆን እየታጠፋችሁ ቅረቡ፤ በመጨረሻ በሰዓት 85 ማይል ግድም ያዙ። ካረፋችሁ በኋላ መንቀሳቀስ ከመጀመራችሁ በፊት ፍላፑን ዝጉ።

ተረካቢው የርክክብ ወረቀቱን ሳይፈርም ከአውሮፕላኑ አትራቁ። መመለሻው አቭሮ አንሰን ነው፤ አብራሪዎችን የሚሰበስበው ታክሲ እሱ ነበር።