የዌል ሻርክን ድሮና ወደፊት በምናብ እንዴት እንሥራ

የወደፊት እንስሳ በምናብ መሳል ወይ ስለሱ መጻፍ የምትወዱ ካላችሁ ዌል ሻርክን ሞክሩት። አሁን በህይወት ካሉ ዓሣዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፣ 18 ሜትር ገደማ የደረሰ ተመዝግቧል፣ የሚበላው ግን በአብዛኛው ፕላንክተን (ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት)፣ የዓሣ እንቁላል፣ ትናንሽ ዓሣ ምናምን ነው። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው በቀጥታ ወደ ወደፊቱ ሄድኩና ዝም ብዬ 60 ሜትር አድርጌ ሳልኩት፣ ትልቁን የባሰ ትልቅ ማድረግ ምናብ መስሎኝ፣ ግን ሥዕሉን ያየ ሰው ‹‹ለምን እንደዚ ሆነ?›› ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። አሁን ወደፊት ከመሄዴ በፊት ወደኋላ ነው የምሄደው። ዝግመተ ለውጥ ከባዶ አይነሳም፣ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ነው ለሌላ ሥራ የሚያውለው፣ ስለዚ መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት እስክሪብቶ ያዙ፣ ጥቁርና ሰማያዊ። የታወቀውን በጥቁር፣ የራሳችሁን ምናብ በሰማያዊ። ይሄን አትዝለሉት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ስታዩት የቱን እንዳነበባችሁ የቱን እንደፈጠራችሁ ይጠፋባችኋል።

ከዛ ዘመዶቹን ሳሉ። ዌል ሻርክ ስሙ ላይ ‹‹ዌል›› ስላለ ብዙ ሰው የዓሣ ነባሪ ዘመድ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ዓሣ ነባሪ ሳንባ ያለው አጥቢ ነው፣ ይሄኛው ሻርክ ነው። ግን ከነጩ ሻርክም ጋር ሩቅ ነው። የሱ ወገኖች ካርፔት ሻርክ የሚባሉት ናቸው፣ ነርስ ሻርክ፣ ዜብራ ሻርክ፣ ዎቤጎንግ፣ ኤፖሌት ሻርክ። አብዛኞቹ ኑሯቸው የባህር ወለል ላይ ነው፣ አሸዋው ላይ ይተኛሉ፣ ድንጋይ ስር ይገባሉ፣ ኤፖሌት ሻርክማ ጭራሽ በክንፎቹ እየተራመደ ነው ኮራል መሀል የሚዞረው። ወገኑ ከጁራሲክ ዘመን ጀምሮ አለ። እና ከነዚ ወለል ለወለል ከሚኖሩ ትንንሾች መሀል አንዱ ብቻ ተነስቶ ሰፊውን ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ግዙፍ ሆነ፣ እኔን ቁጭ አድርጎ ያስቀረኝ ይሄ ነው።

አሁን የነርስ ሻርክን አበላል ተመልከቱ፣ ቪዲዮ ፈልጋችሁ እዩ። ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀውን ዓሣ አፉን አስጠግቶ በአንድ ጊዜ ይመጥጠዋል፣ ጉሮሮው ልክ እንደ ፓምፕ ነው የሚሠራው። ከዛ ዌል ሻርክ ምግብ በበዛበት ቦታ ሲበላ እዩት፣ ጭራው ወደታች አፉ ወደላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆምና ውሃውን ይመጥጣል፣ ይመጥጣል፣ ይመጥጣል። ያው ፓምፕ ነው! ባስኪንግ ሻርክ የሚባለው ሌላው ግዙፍ ፕላንክተን በሊታ ግን አይመጥጥም፣ አፉን ከፍቶ ወደፊት መዋኘት ነው ያለው፣ ምክንያቱም እሱ ከነጩ ሻርክ ወገን ነው የመጣው፣ ከአያቶቹ ፓምፕ አልወረሰም። ማንታ ሬይ የምትባለው ጠፍጣፋ ዓሣም በሌላ መንገድ እዛው ሥራ ላይ ደርሳለች። ስለዚ አንድ ዓይነት ሥራ፣ የተለያየ ውርስ። ሥዕላችሁ ላይ ያለ እያንዳንዱ አካል እንደዚ ‹‹ከማን ወረሰው?›› ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ካለው ጥሩ ላይ ናችሁ።

ጥርሱንም እንዳትረሱ። ዌል ሻርክ ወደ 3000 የሚጠጉ ጥርሶች አሉት፣ ደቃቅ ናቸው፣ ሲበላ አይጠቀምባቸውም። ሥራ ፈትተው ግን ዛሬም አሉ፣ ለኛ ደግሞ ትልቅ ነገር ናቸው፣ ምክንያቱም የሻርክ አጽም ካርቲሌጅ ነው፣ እንደ ጆሯችን የሚታጠፍ፣ ስለዚ እንደ ቅሪተ አካል የሚቀረው ባብዛኛው ጥርሱ ነው። ፓሌኦሪንኮዶን የሚባል የጠፋ ዘመዱ የሚታወቀው በዛ ደቃቅ ጥርስ ነው፣ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ይኖር ነበር። በጥርስና በወለል ነዋሪዎቹ አያቶች መሀል ያለው ሰውነት ነው እንግዲህ የናንተ ሰማያዊ እስክሪብቶ ሥራ። እኔ የሳልኩት አራት ሜትር የሚሆን፣ ቀን ወለል ላይ የሚተኛ፣ ዓሣዎች በጅምላ እንቁላል በሚጥሉበት ሌሊት ብቻ ተነስቶ የሚመጥጥ ሻርክ ነው። ከየት አመጣኸው ካላችሁኝ፣ ዛሬም ኳታር አካባቢ ያሉ ዌል ሻርኮች የቱና እንቁላል ለመብላት በብዛት ይሰበሰባሉ፣ ከዛ ነው የተነሳሁት።

ወደፊቱ ላይ ስትደርሱ ከሁሉ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። ዌል ሻርክ ለመውለድ የሚደርሰው ወደ 25 ዓመት ወይ ከዛ በላይ ኖሮ ነው። 1 ሚሊዮን ዓመት ለሱ ከ40,000 ትውልድ አይበልጥም። በዛ ላይ በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የወጣ ጥናት የዘመዱን የኤፖሌት ሻርክን ሙቴሽን፣ ማለት በየትውልዱ ዲኤንኤው ላይ የሚፈጠረውን ለውጥ፣ ሲለካ እስከዛ ጊዜ ከተለኩት አከርካሪ ያላቸው እንስሳት ሁሉ ዝቅተኛው ሆኖ ተገኝቷል። ቀስ የሚል ወገን ነው። ስለዚ ‹‹በ500 ዓመት ውስጥ መርከብ የማይጎዳው ወፍራም ጀርባ አበቀለ›› ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ አይሆንም።

የመጀመሪያውን 100 ዓመት ስለዚ ያለ ምንም የአካል ለውጥ ጻፉት፣ የሚቀየረው ቦታው ነው። እዚ ገጽ ላይ እኔ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ፣ ልቤን ስለሚከብደው። ዌል ሻርክ ከ2016 ጀምሮ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ ተብሎ ተመዝግቧል። በ2022 የወጣ ጥናት እንቅስቃሴያቸውን ከትላልቅ መርከቦች መስመር ጋር ሲያነጻጽር በአግድሙ (ጥልቀቱን ሳንቆጥር) ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መዋያቸው መርከብ የሚሄድበት ሆኖ ነው ያገኘው፣ ላይ ላይ ሆኖ የሚበላ እንስሳ ስለሆነ ይመታል፣ ሲሞት ደግሞ ይሰምጣል፣ ማንም አያየውም። በ2024 ደግሞ ባህሩ ሲሞቅ ወዴት እንደሚሄዱ ተሰላ፣ የካርበን ልቀቱ ከፍ እንዳለ ከቀጠለ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ከመርከብ ጋር አንድ ቦታ የመገናኘታቸው ነገር 15,000 እጥፍ ሊጨምር ይችላል ይላል። ስለዚ ታሪካችሁ ውስጥ ከዛ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ዘር ይሄን ምዕራፍ ያለፈ መሆን አለበት፣ እንዴት እንዳለፈ ጻፉ፣ መርከቦች ፍጥነት ቀነሱ? መስመር ቀየሩ? ይሄን ሳትመልሱ ወደ ሚሊዮን ዓመቱ አትዝለሉ እባካችሁ።

ሚሊዮን ዓመቱ ላይ መለያየት ትችላላችሁ። የአትላንቲክና የህንድ-ፓስፊክ ዌል ሻርኮች ዛሬም ዲኤንኤያቸው ትንሽ ይለያያል፣ ሁለት ዝርያ እንዲሆኑ ግን ዘላቂ ግድግዳ ያስፈልጋል፣ የፓናማ ምድር ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ተዘግቶ ሁለቱን ውቅያኖስ እንደለየው ዓይነት። ግድግዳችሁን በካርታ ላይ አሳዩ፣ በቃ፣ ብዙ አያስፈልገውም።

የሩቁ ዘመን፣ 30 ሚሊዮን ዓመት ምናምን፣ እሱ ጋ ነው ደስታው ያለው። ከዓይኑ ጀምሩ። ዌል ሻርክ ወደ 1,900 ሜትር ጥልቀት ይጠልቃል፣ እዛ ጨለማና ብርድ ነው፣ የሚደርስ ብርሃን ካለ ሰማያዊ ነው። በ2023 የጃፓን ተመራማሪዎች ዓይኑ ውስጥ ያለው ሮዶፕሲን የሚባል ፕሮቲን በሁለት ቦታ ተቀይሮ ሰማያዊ ብርሃን እንዲይዝ እንደሆነ አሳይተዋል፣ ከሁለቱ አንዱ ሰው ላይ ቢፈጠር በጨለማ ማየት የሚከለክል ሲሆን እሱ ግን በዛው ያያል። ታዲያ እኔ የሳልኩት ተወላጅ ቀን ሙሉ ጥልቁ ውስጥ የሚውል፣ ዓይኑ የተለቀ፣ ነጠብጣቡ የደበዘዘ ነው፣ ፓምፑ ግን እንዳለ ነው፣ ፓምፑን መንካት አልፈለግኩም።

ሌላ መንገድም አለ። አውስትራሊያ ኒንጋሉ ላይ በ2022 የተሠራ ጥናት ዌል ሻርክ ሳርጋሰም የሚባለውን የባህር አረም እንደሚፈጭ አሳይቷል፣ ስለዚ አንጀቱ ረዝሞ አረም በሊታ የሆነ ዘር መሳል ይቻላል። ወይ ከወንድና ሴቱ ተነሱ፣ እዛው ኒንጋሉ ላይ በተደረገ ክትትል ወንዶቹ 8 ወይ 9 ሜትር ላይ ማደግ ሲያቆሙ ሴቶቹ ቀስ ብለው ወደ 14 ሜትር ይሄዳሉ ተብሎ ተገምቷል፣ ልዩነቱን አስፉት።

ሳንባ አትስጡት፣ እንደ ዶልፊን በድምፅ እንዲያይም አታድርጉት፣ ቤቱ ውስጥ ለዛ የሚሆን ዕቃ የለም።

ሲያልቅ ግልገሉንም ሳሉ፣ ሁሉም ሰው አዋቂውን ብቻ ስለሚስል። በ1995 ታይዋን ላይ የተያዘች አንዲት እናት ሆዷ ውስጥ 300 የሚሆኑ ግልገሎች ነበሯት፣ ዌል ሻርክ ሲወለድ ግማሽ ሜትር አካባቢ ነው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ነገር ማለት ነው። እና የናንተ የ30 ሚሊዮን ዓመት ግዙፍ ሲወለድ ስንት ይሆናል፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ያድራል፣ ማን ሊበላው ይመጣል? እኔ ግልገሉን የባህር ወለል ላይ ነው ያስተኛሁት፣ እንደ አያቶቹ።